ጧት ጧት አንድ እፍኝ ውሃ

ቀኑ ሮብ ነው። ሮብ ገበያ ከስሟ እንደምንረዳው የምትሞቀው በዚሁ ቀን ነው። ከቢቸና በኩልም ከሞጣ በኩልም ሰው ይመጣል። ጤፍ የጫነ አህያ ይገባል። በግ የሚጎትት ይገባል። ሽንኩርት የተሸከመች፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ሁሉም ወደ ገበያው ይጎርፋል።

እኛም እንደ ሰው ሁሉ ገበያ ወጣን። የወጣነው ጨውና ሳሙና ልንገዛ ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ዓይናችን ከሸቀጡ ይልቅ የሰው ፊት ላይ አረፈ።

እናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ አንድ ሕፃን አየን። በሁለቱም ዓይኖቹ ጥግ ዓይናር ተጠራቅሟል። አፍንጫውም ይፈሳል። ዝንቦች ዓይኑን ከበውታል። ሕፃኑ እሽ አይላቸውም፤ ለምዷቸዋል። እናቱ ዘወር አለችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ቀጥላ በዚያው ጫፍ የታላቅየውን ልጅ ፊት ጠረገች። መጨረሻ ላይ የራሷን ላብ ጠረገች።

ይችን እናት አንወቅሳትም። እኛንም እናቶቻችን ያሳደጉን እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ በዚያች የነጠላ ጫፍ ላይ የማይታይ ጠላት ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት ሊሻገር ይችላል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ጠላት ነው።

ወረንጦ በአንገት

ጌሾ ተራ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። ፀሐዩን መቋቋም ስላቃታቸው ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደውታል። ዓይናቸው ያለማቋረጥ ያነባል። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ታስሯል።

«እማማ፣ ዓይንዎን ምን ነካዎት?» አልናቸው።

«ፀጉሩ ነው ልጆቼ፣ ይወጋኛል። ልጄ በወረንጦ ትነቅልልኛለች። ሲነቀል ትንሽ ቀን ደህና እሆናለሁ። ከዚያ እንደ እሾህ ሆኖ ይመለሳል» አሉን።

«ጤና ጣቢያ አልሄዱም?»

«ምላጭ ዓይኔ ላይ ሊያሳርፉ? ይችን የቀረችኝን ብርሃን ደግሞ ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞስ ማን ይወስደኛል? ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

ጌሾውን የሚሰፍሩት በዳሰሳ ነው። ገዢው የሰጣቸውን ብር የልጅ ልጃቸው ተቀብላ ታይላቸዋለች። አሥር ይሁን መቶ የሚያውቁት በእሷ አፍ ነው። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱም እጃቸውን ይዛ የምትመራቸው እሷ ናት። ልጅቱ ሮብ ሮብ ትምህርት ቤት አትውልም ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ዓይን ሲታመም የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

የጠላታችን ስም

ይህ በሽታ ትራኮማ ይባላል። የዓይን ማዝ የሚሉትም አሉ። በዓለም ላይ በተላላፊ በሽታ ምክንያት ለሚመጣ ዓይነ ስውርነት ዋናው መነሻ ይኸው ነው። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተባይ፣ ማለትም ባክቴሪያ ነው። እርግማን አይደለም፤ ቡዳም አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው በልጅነት ነው። ልጁ ይያዛል፣ ይሻለዋል፣ እንደገና ይያዛል። እንዲህ እየተመላለሰ ብዙ ጊዜ ከያዘው የላይኛው የዓይን ቆብ በውስጥ በኩል ይቆስላል። ቁስሉ ሲደርቅ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ዓመት ካመት እየተኮማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ያን ጊዜ የቆቡ ፀጉር የዓይኑን ብሌን መቧጨር ይጀምራል። ሰው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ይቧጭረዋል። በመጨረሻ ብሌኑ ይነጣና ብርሃን ይጠፋል። የጠፋው ብርሃን ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ አያድንም። ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ሳይነቀል የተሰበረው ደግሞ ጉቶ ሆኖ ይበልጥ ይወጋል።

በሽታው ከወንዶች ይልቅ እናቶችንና እህቶችን ያጠቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕፃን የሚያቅፉት፣ የሚያዝሉትና ፊት የሚጠርጉት እነሱ ስለሆኑ ነው።

ጠላት በየት በኩል ይገባል?

በሦስት በር ይገባል። አንደኛው በር እጅ ነው። ልጅ ዓይኑን ያሻል፣ በዚያው እጁ ታናሹን ይነካል። ሁለተኛው በር ጨርቅ ነው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ፎጣና አብረው የሚተኙበት ልብስ በሽታውን ያሸጋግራሉ። ሦስተኛው በር ዝንብ ነው። ዝንብ ከታመመው ልጅ ዓይናር ላይ ተነሥታ ጤነኛው ልጅ ዓይን ላይ ታርፋለች።

ስለ ዝንቧ አንድ ነገር እንጨምር። ሰው ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ እንቁላሏን በይበልጥ የምትጥለው በመሬት ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ውስጥ ነው። በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አትራባም። እንግዲህ ጓሮ ወይም ገደል ሥር የምንጥለው ነገር ዞሮ ዞሮ ልጃችን ዓይን ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ጎረቤታችን ጎንቻ ሲሶ እነሴ ምን አየ?

በ1998 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ ጥናት ተደርጎ ነበር። ያን ጊዜ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው 100 ልጆች 40 ያህሉ በትራኮማ ተይዘው ተገኙ። በአማራ ክልል ብቻ ሲቆጠር ከ100 ልጆች ከ60 በላይ ነበሩ። ከሁሉም ክልል የባሰው የእኛው ነበር።

በዚያው ዓመት በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ አንድ ትልቅ ሥራ ተጀመረ። የወረዳው ከተማ ግንደ ወይን ናት። በመንደሮቹ ለሚኖረው ሕዝብ አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት ታደለ። ይህ ዚትሮማክስ እየተባለ በነፃ የሚሰጠው ኪኒን ነው። ለትንንሾቹ በፈሳሽ ይሰጣል። መጠኑ የሚለካው በቁመት ነው። ሰውየው በዘንግ ይለካና ስንት ኪኒን እንደሚደርሰው ይታወቃል።

ውጤቱ ምን ሆነ? መድኃኒቱ በየዓመቱ በታደለባቸው መንደሮች ሲጀመር ከ100 ልጆች 42 ያህሉ ተባዩ በዓይናቸው ተገኝቶ ነበር። ከ42 ወር በኋላ ሲመረመር ግን ከ100 ልጆች የተገኘው በ2 ያህሉ ብቻ ነው።

ሌላም ያልታሰበ ነገር ታየ። በመጀመሪያው ዓመት መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች፣ ካልታደለባቸው ጋር ሲተያይ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ሞት በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ይህ ወሬ እ.ኤ.አ. በ2009 ለዓለም ሐኪሞች ሁሉ ተሰማ። የታየው ግን እዚሁ፣ እኛ በምናውቀው አገር ነው።

ታዲያ ነገሩ አለቀ? አላለቀም። በኋላ በከፊሉ መንደር መድኃኒቱ ቆመ፤ በከፊሉ ቀጠለ። በቆመበት መንደር በሽታው ተመልሶ ማንሰራራት ጀመረ። ኪኒኑ የተገኘውን ተባይ ይገድላል እንጂ በሩን አይዘጋም።

«እንግዲያው ውሃና ሳሙና ብቻ ይበቃል» የሚል ሰውም ሊኖር ይችላል። ይህም በዋግ ኽምራ ተሞክሯል። ከፊል መንደሮች ውሃ ተበጀላቸው፣ ሳሙና ተሰጣቸው፣ ስለ መጸዳጃ ቤትም ተማሩ። ነገር ግን ኪኒን ሳይጨመር በሦስት ዓመት ውስጥ ተባዩ ካልተሠራላቸው መንደሮች ሳይቀንስ ቀረ። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሞ ወጥቷል።

እኛ ገበሬዎች ይህን ለመረዳት አያቅተንም። አንድ በሬ ብቻውን ቀንበር አይሸከምም። ጥማድ ሲሆን ነው የሚያርሰው። ኪኒንና ንጽህናም እንዲሁ ናቸው። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 ትራኮማን ድል ማድረጋቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላቸዋል። እነሱም የሠሩት ቀዶ ሕክምናን፣ መድኃኒትን፣ ፊት መታጠብንና የአካባቢ ንጽህናን አንድ ላይ ይዘው ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጧት ጧት የልጆችን ፊት እንጠብ። ሲቆሽሽም ቀን እንደገና እንጠብ። «ውሃው ሩቅ ነው፤ እንስራው ለወጥም አይበቃ» እንላለን። እውነት ነው፣ ውሃ መቅዳት ከባድ ሥራ ነው። ነገር ግን ለአንድ ልጅ ፊት የሚበቃው አንድ እፍኝ ውሃ ነው። ካላመንን እንሞክረው። አንድ ጣሳ ውሃ እንያዝና በቀስታ እያፈሰስን የስንት ልጅ ፊት እንዳጠብን እንቁጠር። አሮጌ ጄሪካን ከታች በምስማር በስተን፣ ቀዳዳውን በእንጨት ወትፈን፣ ደጅ ብንሰቅለው ውሃው አይባክንም። ሳሙና ካለ መልካም። ከሌለም ንጹሕ ውሃ ዓይናሩን ያስለቅቃል። ለእጅ ግን ሳሙና ሲጠፋ አመድ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ጨርቅ ብዙ ፊት አንጥረግ። የነጠላችን ጫፍ የሁሉም ልጅ መጥረጊያ አይሁን። ፊት ከታጠበ በኋላ ነፋስ ያደርቀዋል። ጋቢና አንሶላ ደግሞ እየታጠበ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ሦስተኛ፣ መጸዳጃ ጉድጓድ እንቆፍር፤ ከቆፈርን በኋላም እንጠቀምበት። ጉድጓድ ቆፍሮ ጓሮ መሄድ ጤፍ ዘርቶ አለማጨድ ነው። የሕፃናትንም ሰገራ ወደ ጉድጓዱ እንጨምረው። «የልጅ ነው፣ ምን አለበት» አንበል። ዝንቧ አትመርጥም።

አራተኛ፣ የዓይን ኪኒን ይታደላል ሲባል ሁላችንም እንሂድ። «እኔ አላመመኝም» ብሎ መቅረት ትክክል አይደለም። ተባዩ ሕመም ሳያሳይ በሰው ዓይን ሊቀመጥ ይችላል። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጠው ቴትራሳይክሊን የተባለው የዓይን ቅባት ነው። በእረኝነት ሜዳ የዋለ ልጅ እንዳይረሳ ቀድመን እንንገረው።

አምስተኛ፣ ፀጉር የሚወጋው ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ጠበሉ ሐኪሙን አይከለክልም።

የጎረቤት ምስክርነት

አሁን ወደ ጌሾ ተራ እንመለስ። እኛ ለእማማ ብዙ አስረዳናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ልባቸው አልተመለሰም። አጠገባቸው በርበሬ የሚሸጡ ሌላ እናት ይሰሙን ነበር። በመጨረሻ ጣልቃ ገቡ።

«አንቺ፣ እኔን እይኝ እንጂ!» አሉ። «እኔም እንዳንቺ ወረንጦ አንገቴ ላይ ነበር። ምላጩ ዓይንሽን አይነካውም። የሚሠሩት ቆቡን ነው። መርፌ ይወጉሽና ይደነዝዛል። አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዓይንሽን ሸፍነውልሽ ቤትሽ ታድሪያለሽ። በነጋታው ይፈታል። እኔ የጠፋው ብርሃኔ አልተመለሰልኝም። ግን መውጋቱ ቆመ። እሳት ፊት እቀመጣለሁ። እንቅልፍ እተኛለሁ።»

እኛም ይህን እናረጋግጣለን። ቀዶ ሕክምናው የተቀለበሰውን ቆብ ወደ ቦታው ይመልሳል። ሥቃዩን ያስቆማል። የቀረውን ብርሃን ያድናል። የሚሠራውም የሠለጠነ ነርስ ወይም ሐኪም ነው። ለአንዳንድ ሰው ፀጉሩ ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ሊወጋ ይችላል። ያን ጊዜ እንደገና መሄድ እንጂ ወደ ወረንጦ መመለስ አይገባም።

እማማ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እህሉ ይግባና እሄዳለሁ» አሉ።

የበርበሬዋ እናት «እህሉ ሲገባ ደግሞ ልጅ ይዳራል ትያለሽ። ሰኞ አብረን ነው የምንሄደው። ቤቱን ምራቴ ትጠብቅልሻለች» አሏቸው።

የልጅ ልጃቸው ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች። ሰኞ ስንት ቀን እንደቀረ በጣቷ ቆጠረች።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እማማ የደረሱበት ሥቃይ የተጀመረው በልጅነታቸው፣ ዝንብ እንደከበበው እንደዚያ ሕፃን ታዝለው ሳሉ ነው። ያ ሕፃን ግን ገና ጊዜ አለው። እኛ አንባቢዎቹም ፊደል የቆጠርነው ዓይናችን ስላየ ነው። ልጆቻችንም እንዲያነቡ ዓይናቸውን እንጠብቅላቸው። የሚመጣው ሮብ ገበያ ከመውጣታችን በፊት፣ ሕፃኑን ከማዘላችን በፊት፣ አንድ እፍኝ ውሃ ፊቱ ላይ እናድርግ።

እንወያይበት

1. በቤታችን የልጆች ፊት በቀን ስንት ጊዜ ይታጠባል? በምን ይጠረጋል?

2. በመንደራችን ወረንጦ የያዘች እናት አለች? ጤና ጣቢያ ማን ያድርሳት? ቤቷንስ ማን ይጠብቅላት?

3. ጎንቻ ሲሶ እነሴ ላይ መድኃኒቱ ሲቆም በሽታው የተመለሰው ለምንድን ነው? ለማያነብ ጎረቤታችን በቃል እናስረዳው።