ለጥገና ባለሙያው እጅ የታሰበ መብራት

በሌሊት የሚበር አውሮፕላን በግራ ክንፉ ጫፍ ቀይ፣ በቀኙ አረንጓዴ፣ በጭራው ነጭ መብራት ያበራል። አንድ አብራሪ በፊት ለፊቱ ቀዩን በስተቀኝ፣ አረንጓዴውን በስተግራ ካየ፣ ሌላው አውሮፕላን ወደ እርሱ እየመጣ መሆኑን ያውቃል። መብራቱ ቢጠፋ ወይም ቀለሙ ቢለዋወጥ የሰው ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል።

ባለ ክር አምፖል በሙቀትና በንዝረት ይቃጠላል። በመሆኑም ንድፍ አውጪው አስቀድሞ ሊያስብለት የሚገባው በጨለማና በብርድ መሰላል ላይ ቆሞ ለሚሠራው የጥገና ባለሙያ ነው። የመስተዋቱ ክዳን በአንድ ካቻቪቴ የሚከፈት፣ ብሎኖቹ ቢላሉም ከክዳኑ የማይወድቁ፣ ሽቦው በመሰኪያ የሚነቀል፣ ውኃ የሚከላከለው ላስቲክ በቀላሉ የሚተካ ሊሆን ይገባል። ከሁሉም በላይ የግራው ክዳን በቀኙ ክንፍ ላይ ጨርሶ እንዳይገጥም ሆኖ ከተቀረጸ፣ የደከመ እጅ እንኳ አይሳሳትም።

ዛሬ በአምፖሉ ፈንታ የሚገባው ኤልኢዲ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዓታት ያገለግላል፤ ሆኖም ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ዓይንን ያታልላል። ስለዚህ የብርሃኑን መድከም የሚያስታውቅ ምልክት አብሮ ሊሠራለት ያስፈልጋል።

ባለቤቷ በሌሊት የሚበር እመቤት ያችን ቀይ ነጥብ በሰማይ ባየች ጊዜ፣ አምፖሉን በወቅቱ የለወጠውንም እጅ ታመስግን።