«ልቀታችንን በ30 በመቶ ቀንሰናል» ሲሉን፦ ከየትኛው ላይ?

አንድ ትልቅ ኩባንያ «የበካይ ጋዝ ልቀታችንን በ30 በመቶ ቀንሰናል» ብሎ አስታወቀ እንበል። ደስ ይላል። ግን እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት፤ ጋዝ እኮ አይታይም። ታዲያ ማን ለካው? በምን? ደግሞስ የማንን ጭስ ነው የቆጠሩት?

ከልኬቱ እንጀምር። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ጭስ ማውጫቸው ላይ መለኪያ አይገጥሙም፤ ያሰላሉ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ የተጠቀሙትን መጠን፣ ከአንዱ መለኪያ በሚወጣው የጋዝ መጠን ማባዛት።

ናፍጣን እንውሰድ። አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 86 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 0.72 ኪሎ ግራሙ፣ ካርቦን ነው። ሲቃጠል እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከአየር ላይ ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ይይዛል። የካርቦን አቶም ክብደት 12፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ክብደት ደግሞ 44 ነው። ስለዚህ 0.72ን በ44 አባዝተን ለ12 ስናካፍል 2.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመጣል። አዎ፣ ጋዙ ከነዳጁ ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል! ትርፉ ክብደት ከአየር የመጣው ኦክስጅን ነው። አንድ ፋብሪካ በዓመት 10,000 ሊትር ናፍጣ ካቃጠለ 26 ቶን ገደማ ለቋል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የነዳጅ ደረሰኙ ይበቃችኋል።

ሌሎች ጋዞችም አሉ፤ የማሞቅ አቅማቸው ግን እኩል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንቲስቶች ፓነል በአምስተኛ ሪፖርቱ እንዳሰላው፣ በ100 ዓመት ውስጥ አንድ ኪሎ ሚቴን 28 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህል ያሞቃል። በከፍተኛ ቮልቴጅ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኘው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ደግሞ 23,500 ኪሎ ያህል! ስለዚህ ሁሉም ወደ አንድ መለኪያ ተቀይረው ይደመራሉ። ሪፖርት ላይ «የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ» የሚል ነገር ካያችሁ ይሄ ነው።

ሒሳቡ ይህን ያህል ነው። የሚያከራክረው ድንበሩ ነው፦ የትኛው ጭስ የማን ነው?

ለዚህ መልስ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ደንብ የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ይባላል። ዎርልድ ሪሶርስስ ኢንስቲትዩት እና የዓለም ቢዝነስ ምክር ቤት ለዘላቂ ልማት ያዘጋጁት የኩባንያዎች መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፤ በ2004 ተሻሻለ። ልቀትን በሦስት ይከፍለዋል፤ ክፍሎቹም «ስኮፕ» ይባላሉ፣ ወሰን እንደማለት ነው።

ሐዋሳ ላይ ቲሸርት የሚሰፋ ፋብሪካ አለ ብለን እናስብ። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር፣ ቦይለሩ፣ የራሱ የጭነት መኪኖች፦ ከእነዚህ የሚወጣው ሁሉ ስኮፕ 1 ነው። ከመስመር ለሚገዛው ኤሌክትሪክ ሲባል ኃይል ማመንጫው ዘንድ የሚወጣው ስኮፕ 2 ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ይህ ቁጥር ትንሽ ይሆናል። ጥጡ ሲመረት፣ ክሩ ሲፈተል፣ ቲሸርቱ በመርከብ ሲጓዝ፣ ገዢው ቤት ሲታጠብና ሲደርቅ የሚወጣው ደግሞ ስኮፕ 3 ነው። ለዚህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው መለኪያ 15 ዘርፎችን ይዘረዝራል።

አሁን ቦታ እንቀይር። ቲሸርቱን አውሮፓ የሚሸጠው ድርጅት ሪፖርት ሲጽፍ፣ የሐዋሳው ጄኔሬተር ጭስ ለእሱ ስኮፕ 3 ነው። ያው ጭስ ሁለት ቦታ ተቆጠረ ማለት ነው። ይህ ስህተት አይደለም፤ ታስቦበት ነው፣ ሁለቱም ጭሱን የመቀነስ አቅም አላቸውና። የሁሉንም ኩባንያ ስኮፕ 3 ደምሮ «የዓለም ልቀት» ማለት ግን አይቻልም።

እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ። ፋብሪካው መኪኖቹን ሸጦ ለማጓጓዣ ድርጅት እየከፈለ ማስጫን ቢጀምርስ? መንገዱ ያው፣ መኪናው ያው፣ ናፍጣው ያው። ስኮፕ 1 ግን ወረደ! ጭሱ ወደ ስኮፕ 3 ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ለዚህም ነው ደንቡ፣ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ለውጥ ሲኖር ማነጻጸሪያ የሆነው የመነሻ ዓመት ቁጥር እንደገና ይሰላ የሚለው።

ችግሩ፣ የ2004ቱ ደንብ ስኮፕ 1ና 2ን ግዴታ ሲያደርግ ስኮፕ 3ን ለኩባንያው ፈቃድ ተወው። የነዳጅ ኩባንያን አስቡት። ትልቁ ልቀቱ ጉድጓዱ ላይ ወይም ማጣሪያው ላይ አይደለም፤ የሸጠው ነዳጅ በየመኪናው ሲቃጠል ነው። ያ ደግሞ ስኮፕ 3 ነው። እሱን ሳይነካ «በ30 በመቶ ቀነስኩ» ቢል ውሸት አልተናገረም፤ የነገረን ግን ትንሹን ቁራጭ ብቻ ነው።

ስኮፕ 2 ላይም ሁለት ዓይነት ስሌት አለ። አንደኛው ኩባንያው ያለበትን አካባቢ መስመር አማካይ ልቀት ይወስዳል። ሌላው ኩባንያው የፈረመውን የኃይል ውልና የገዛውን የታዳሽ ኃይል የምስክር ወረቀት ይቆጥራል። በሁለተኛው መንገድ ከሰል የሚቃጠልበት መስመር ላይ የተሰካ ሕንፃ «ዜሮ» ሊባል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለ ገበያ ባለበት ቦታ ሁለቱም ቁጥሮች ይገለጹ የሚለው ለዚህ ነው።

ነገሮች እየጠበቁ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት መለኪያ ስኮፕ 3ንም ይጠይቃል፤ ሕግ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ አገር ሲቀበለው ነው። ሲጠብቅ ጥያቄው ከአውሮፓው ሻጭ ተነስቶ እስከ ሐዋሳው ፋብሪካ ይወርዳል፦ «ስንት ሊትር ናፍጣ? ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት?» መዝገብ የያዘ ፋብሪካ በውኃ ኃይል መሥራቱን በቁጥር ያሳያል። ያልያዘው ላይ ገዢው የሚጠቀመው የግምት አማካይ ነው፤ የግምት አማካይ ደግሞ የዚያን ፋብሪካ ጥረት አያውቅም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ «ቀንሰናል» የሚል ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። የትኞቹን ስኮፖች ቆጠራችሁ? ከየትኛው ዓመት ጋር አነጻጸራችሁ? ጭሱ ቀነሰ ወይስ ቦታ ቀየረ? መልሱ ሪፖርቱ ውስጥ ከሌለ፣ 30 በመቶው ገና ምንም አልነገራችሁም።