ጀበናው የአገር ቤት፣ ሲኒው የባሕር ማዶ፤ ለምን?

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ አዲስ ጎጆ የወጣ ሰው የቡና ዕቃ ለማሟላት ሁለት ቦታ መሄድ አለበት። ጀበናውን ከገበያ፣ ሸክላ ሠርተው ከሚያመጡት ሴቶች እጅ ይገዛል። ሲኒውን የሚያገኘው ግን ከመደብር ነው። ሲኒውን ገልብጦ መቀመጫውን ቢያይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው የቻይና ምርት መሆኑን ነው። ፔርሙዙ፣ ትሪው፣ ብርጭቆውና ማንኪያውም ከዚያው ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው።

ቡናውን ለዓለም ያበረከተች አገር የቡና መጠጫውን ከውጭ ማስመጣቷ ብዙዎችን ያስቆጫል። ይሁንና ስሙ ራሱ ከጥንት ጀምሮ ምስጢሩን ነግሮናል። «ሲኒ» ከዓረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግረው ይመጡ የነበሩ ነጋዴዎች ዕቃውን ከነአገሩ ስም አስለመዱን። ስለዚህ ጥያቄው «የውጭ ዕቃ መቼ ወረረን?» ሳይሆን «የትኛው ዕቃ ከውጭ ይመጣል? የትኛውስ እዚሁ ይመረታል? ለምን?» የሚለው ነው። ገንዘቡን ፋብሪካ ላይ ለማዋል ለሚያስብ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴ የዚህ ጥያቄ መልስ የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነው።

የጉልበት ዋጋ ብቻውን መልስ አይሆንም

በገበያው ዘንድ የተለመደው መልስ «የቻይና ጉልበት ርካሽ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ዛሬ አያስኬድም። የቻይና ሠራተኛ ደመወዝ ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ እጅግ ጨምሯል፤ የኢትዮጵያ የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከዚያ በብዙ እጅ ያንሳል። ጉዳዩ የደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲኒው ወደ ቻይና የሚላከው ከኮምቦልቻ በሆነ ነበር።

የልዩነቱ መነሻ ያለው ከአሠራሩ ላይ ነው። ጀበና በአካባቢ ጭቃ፣ በእጅና በማገዶ እሳት ይሠራል። ሸክላ ሠሪዋ ሃያ ብትሠራም ሁለት መቶ ብትሠራም የአንዱ ጀበና ድካም ያው ነው። ሲኒ ግን የጠራ ነጭ አፈር፣ የሚያብረቀርቅ ቅብ፣ የሚለጠፍ ሥዕልና ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግል ምድጃ ይፈልጋል። ይህን ምድጃ አግሎ መልሶ ማቀዝቀዝ ነዳጅ ስለሚበላ ሌሊትና ቀን ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። ሲኒው ባነሰ ቁጥር የአንዱ ወጪ ይንራል፤ በበዛ ቁጥር ደግሞ ይወርዳል።

በደቡብ ቻይና የምትገኘው የቻውዡ ከተማ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። አፈር የሚያጣራው፣ ቅርጽ ማውጫ የሚሠራው፣ ቅብ የሚያዘጋጀው፣ ሥዕል የሚያትመውና ካርቶን የሚያቀርበው ሁሉ በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ይሠራል። የአንዱ ፋብሪካ ማሽን ቢሰበር መለዋወጫው በዚያው ቀን ይገኛል። ለብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ስለሚመረትም የአንዱ ሲኒ ወጪ እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል።

በአገራችንም ሙከራው አልጠፋም። በሐዋሳ የሚገኘው የታቦር ሴራሚክስ ፋብሪካ ሲኒና ሳህን ሲያመርት ቆይቷል። ነገር ግን መብራት በተቋረጠ ቁጥር ምድጃው የሚቀዘቅዝበት፣ ቅብና መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ገበያውም በአንድ አገር የተወሰነ ፋብሪካ ከዓለም አቅራቢ ጋር በዋጋ መወዳደር ይከብደዋል። መንግሥት ባለቀለት ዕቃ ላይ እስከ 35 በመቶ የሚደርስ የጉምሩክ ቀረጥ ይጥላል፤ በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። ይህ ሁሉ ተከፍሎበትም የቻይናው ሲኒ ደሴ ገብቶ ይሸጣል። በኮንትሮባንድ የሚገባውማ ይህንንም አይከፍልም።

የኮንቴይነሩ ሒሳብ

ሁለተኛው ምክንያት መጓጓዣው ነው። በ1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት 58 ኮንቴይነሮችን በመርከብ ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ከዚያ በፊት ዕቃ በከረጢትና በሣጥን፣ በሠራተኛ ትከሻ ነበር ከመርከብ የሚወርደው። ኮንቴይነር ከተስፋፋ በኋላ ግን የባሕር ጉዞ በጣም ረከሰ። የረከሰው ግን ለሁሉም ዕቃ እኩል አልነበረም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ከቻይና ደሴ እስኪደርስ ድረስ የባሕሩም የየብሱም መጓጓዣ 6,000 ዶላር ይፈጃል ብለን እናስብ። በውስጡ 60,000 ሲኒ ቢታሸግ ለአንዱ ሲኒ የሚደርሰው 10 የዶላር ሳንቲም ነው። በሲኒው ፋንታ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢጫን ከ1,300 ገደማ አያልፍም፤ ለአንዱ ጀሪካን የሚደርሰውም ከአራት ዶላር ተኩል በላይ ነው። ይህ ከራሱ ከጀሪካኑ ዋጋ ይበልጣል። በዚያው ኮንቴይነር 16 ቶን ጥሬ ፕላስቲክ ቢመጣ ግን አንድ ጀሪካን አንድ ኪሎ ይመዝናል ብንል 16,000 ጀሪካን ይወጣዋል፤ የአንዱ መጓጓዣም ከ40 የዶላር ሳንቲም በታች ይሆናል።

ባዶ ጀሪካን ባሕር የማያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሲያቋርጥ የምናየው ቢጫው ጀሪካን እንኳ የፓልም ዘይት ሞልቶት ነው የሚመጣው። ባልዲ፣ የፕላስቲክ ወንበርና የስፖንጅ ፍራሽ በአገር ውስጥ የሚመረቱትም በዚሁ ሒሳብ ነው። ከጥሬ ዕቃው ይልቅ አየር የሚበዛባቸው ናቸውና አየርን ከቻይና ማጓጓዝ አያዋጣም።

የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች በዚህ ዓይን ብናያቸው ነገሩ ይገለጥልናል። ቢራ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ከሩቅ ማምጣቱ ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ አላት። ኮስፒ በሚል ስም የሚታወቀው የብረታ ብረት ፋብሪካ የጣሪያ ቆርቆሮ ለማምረት የተቋቋመ ነው፤ ጥቅል ላሜራ እጥፍጥፍ ብሎ ይመጣል፣ እዚህ በልክ ይቆረጣል፣ ይሸነሸናል። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደግሞ ሌላ መሠረት ነበረው፤ ጥጥ የሚበቅለው በጎረቤት አዋሽ ሸለቆ ነው። የቆዳ ፋብሪካውም የወሎን በግና ፍየል ተስፋ አድርጎ ነው የቆመው። አንዱም ፋብሪካ የቆመው በአጋጣሚ አይደለም።

ሲኒው ሁለት ጊዜ ይጓዛል

ደሴ የወደብ መንገድ ከተማ ነበረች። ጣሊያን የሠራው መንገድ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ያደርስ ነበር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር አሰብ ተዘጋ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከጅቡቲ በጋላፊ የሚገባው መኪናም ሚሌን ያልፋል። ሆኖም አብዛኛው የቤት ዕቃ ከሚሌ በባቲ አድርጎ በቀጥታ ኮምቦልቻ አይገባም። አስመጪው፣ ባንኩና የጅምላ ነጋዴው አዲስ አበባ ስለሆኑ ዕቃው ሞጆ ወርዶ፣ መርካቶ ተራግፎ፣ ከዚያ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደሴ ይመለሳል። የደሴ ሸማች የዚህን ትርፍ ጉዞ ዋጋ በየሲኒው ላይ ይከፍላል።

ይህን ለማቃለል የታሰቡ ነገሮች ነበሩ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ተቋቁሞላታል። ከአዋሽ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የባቡር መስመር ሥራም በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ለቱርኩ ያፒ መርከዚ ተሰጥቶ ነበር። መስመሩ ግን በታሰበለት ጊዜ አገልግሎት ሳይጀምር ጦርነቱ ደረሰ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ በኅዳር መጨረሻም ተመለሱ። በእነዚያ ሳምንታት የሁለቱ ከተሞች ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ዝርፊያና ውድመት ደረሰባቸው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የጭነት ዋጋን አንሯል።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ለማን ነበር?

«ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶላት የለም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተገነባውና ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ በ75 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው። የገቡበት ኩባንያዎች ግን ሐሳባቸው የደሴ ሸማች አልነበረም። የኮሪያው ፑንግኩክ ቦርሳ፣ የጣሊያኑ ካርቪኮ ጨርቅ ያመርቱ የነበረው ለውጭ ገበያ ነው። ዋናው መስሕብም አጎዋ የሚባለው ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመግባት ዕድል ነበር። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ስትሰረዝ ያ መስሕብ ቀረ።

እዚህ ላይ ትምህርት አለ። ርካሽ ጉልበት ብቻውን የጠራው ፋብሪካ ሌላ አገር የተሻለ ሲያቀርብለት ወይም የቀረጥ ዕድሉ ሲነሣ ለመሄድ ይቸኩላል። ጥጥ፣ ቆዳና ውኃ የጠራው ፋብሪካ ግን በቀላሉ አይነቀልም፤ የሚፈልገው ነገር እዚሁ ነውና።

ዶላሩ ያመጣው ለውጥ

እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ የውጭ ምንዛሪ በወረፋ ነበር የሚገኘው። አስመጪ ዶላር ባያገኝ ዕቃ ይለውጣል ወይም ይጠብቃል። ፋብሪካ ግን ጥሬ ዕቃው ሲያልቅበት ማሽኑ ይቆማል፤ ደመወዙና የባንክ ወለዱ ግን አይቆሙም። ብዙ ሰው ከማምረት ይልቅ ማስመጣትን የመረጠው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ይህን አይቶ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ምንዛሪ እንዳይገቡ አግዶ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ እገዳው ተነሣ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

በዚህ ጊዜ «አሁን የውጭ ዕቃ ስለተወደደ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ያብባል» የተባለው ግማሽ እውነት ነው። የሲኒው ዋጋ ጨምሯል። ነገር ግን ጀሪካን የሚሠራበት ጥሬ ፕላስቲክና ቆርቆሮ የሚወጣበት ላሜራም በዚያው ልክ ተወድደዋል። በእርግጥ የተጠቀመው ጥሬ ዕቃውን በብር የሚገዛው ነው፤ ከሁሉም በላይ ለአፈሩም ለማገዶውም አንድ ዶላር የማታወጣው ጀበና ሠሪዋ።

ባለ ገንዘቡ ምን ይጠይቅ?

የቤት ዕቃ ፋብሪካ ለማቋቋም ያሰበ የአካባቢያችን ባለሀብት ማሽን ከማዘዙ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ለራሱ ቢያቀርብ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ዕቃው በኮንቴይነር ሲታሸግ አየር ይበዛበታል ወይስ ይደረደራል? የሚደረደር ከሆነ ከቻይና ጋር በቀጥታ ይጋጠማል። ሁለተኛ፣ ከመቶ ብር ወጪው ስንቱ ብር ዶላር ነው? ስልሳና ሰባው ከሆነ ፋብሪካው የሌላ ስም ያለው አስመጪ ነው። ሦስተኛ፣ መብራት ለስድስት ሰዓት ቢጠፋ የሚጠፋው የስድስት ሰዓት ሥራ ነው ወይስ የሙሉ ቀን ምርት?

በዚህ ወንፊት ሲነፉ ሲኒ፣ ፔርሙዝና ብርጭቆ ይወድቃሉ። አንሶላና ፎጣ፣ ፍራሽና ትራስ፣ ወንበርና ቁም ሣጥን፣ ሳሙና፣ የቆዳ ውጤትና የሸክላ ዕቃ ያልፋሉ፤ ቢያንስ ለመወዳደር ዕድል አላቸው። ጀበናም ቢሆን በደንብ ተጠቅልሎና ታሽጎ አዲስ አበባ ቢደርስ፣ ከዚያም ውጭ አገር ላሉ ወገኖች ቢላክ፣ ሙያውን ይዛ ለኖረችው ሸክላ ሠሪ ከዛሬው የተሻለ ዋጋ ያስገኛል።

ሲኒው ከቻይና ስለመጣ ማዘን አይገባም፤ ስሙም የሚመሰክረው ጥንትም ከዚያው መምጣቱን ነው። የሚያሳዝነው ከአዋሽ ሸለቆ ጥጥ አንሶላ፣ ከወሎ በግ ቆዳ የትራስ መደገፊያ መሥራት እየተቻለ እነዚህንም ከሲኒው ጋር በአንድ ኮንቴይነር ስናስመጣ ነው።