ቀኑን ነገሩን፣ ቁጥሩን ደበቁን

ስቶክሆልም ውስጥ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ሁሉ የመስከረም 2016 የመጨረሻዋን ሳምንት አይረሳትም። እኔም ከጠባቂዎቹ አንዱ ነኝ። ያኔ በየሻይ ክፍሉ የምንባባለውን አሁን ባወራው የሚጎዳ ሰው የለም።

ነገሩ ከርል የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ስሙን ባትሰሙትም ኪሳችሁ ውስጥ አለ፤ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ መኪና ከኢንተርኔት አንድ ነገር ሲያወርዱ ብዙ ጊዜ ከጀርባ የሚላላከው እሱ ነው። ሠሪዎቹ ከ20 ቢሊዮን በላይ ቦታ ተጭኗል ብለው ይገምታሉ። ዋናው ባለሙያ ዳንኤል ስቴንበርግ እዚሁ ስቶክሆልም አጠገብ ከቤቱ ሆኖ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የፖልሄም ሽልማት የተሰጠው በዚሁ ሥራ ነው።

መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 19፣ ለከርል ቡድን ጥቆማ ደረሰ። በ22 ሊነክስ የሚባለውን ስርዓተ ክወና የሚያከፋፍሉት ብቻ በምስጢር እንዲያውቁ ተደረገ። ለእኛ ለተራዎቹ የተነገረን ይህን ያህል ነበር፦ ከርል ላይ ከረጅም ጊዜ ወዲህ ከታየው ሁሉ የከፋ ሳይሆን የማይቀር ቀዳዳ ተገኝቷል፤ መድፈኛው፣ ስሪት 8.4.0፣ መስከረም 30 ይወጣል። የትኞቹ ስሪቶች ላይ እንዳለ ግን አንናገርም።

ሐሜቱ የተነሣው በዚህች ዝምታ ነው። «ማስታወቂያ ፍለጋ ነው» ያሉ አልጠፉም። አለቆች በበኩላቸው «የእኛ አለበት ወይስ የለበትም?» እያሉ ያፋጥጡን ጀመር። የከርል ኮድ እኮ ለማንም የተገለጠ ነው። ቀዳዳው የገባበት ስሪት ከታወቀ፣ ብልጥ የሆነ ሌባ በዚያ ስሪት የተለወጠውን መስመር ለይቶ ማንበብ ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ቁጥሯ ከመድፈኛው እኩል ተደበቀች። እኔ በበኩሌ ከጠቅላላው ሥራ ያደነቅኩት ይህን ነው፤ አፍን መዝጋት ኮድ ከመጻፍ ይከብዳል።

ሲገለጥ ነገሩ ከፕሮክሲ ጋር የሚያያዝ ሆነ። ፕሮክሲ በእናንተ ፈንታ ድረ ገጹ ዘንድ ደርሶ የሚመለስ አገናኝ ሰርቨር ነው። ከርል ሶክስ 5 በሚባለው ሥርዓት ሲያነጋግረው የድረ ገጹን ስም ሊሰጠውና አድራሻውን ፕሮክሲው ራሱ እንዲፈልግ ሊተውለት ይችላል። ሥርዓቱ ለስሙ ርዝመት የመደበው አንድ ባይት ስለሆነ ስሙ ከ255 ባይት ማለፍ አይችልም። ከርል ይህን ያውቃል፤ ስሙ ከረዘመ ለፕሮክሲው መስጠቱን ትቶ አድራሻውን ራሱ ለመፈለግ ይወስናል።

በየካቲት 2012 ግን ስቴንበርግ ኮዱን እንደ አዲስ ጻፈው። ፕሮክሲው እስኪመልስ ተገትሮ መጠበቅ ቀርቶ፣ ከርል ወጥቶ ሌላ ሥራ እየሠራ እንዲመለስ ተደረገ። ጉዱ ሲመለስ ነው። ከምሳ መልስ ፋይላችሁን ከሀ እንደሚጀምር የቀበሌ ጸሐፊ፣ ቅድም የወሰነውን ረስቶታል፤ ርዝመት የሚለካበት ደረጃ ደግሞ አልፏል። እንግዲያው ያንን ረጅም ስም ለፕሮክሲው ሊልክ ያዘጋጃል፣ ስሙም ከተመደበለት የሜሞሪ ቦታ አልፎ ይፈስሳል። ፕሮክሲው ወዲያው ከመለሰ ምንም የለም። ጥቂት ከዘገየ ግን አለቀ። ይህን አጋጣሚ የሚፈትን ሙከራ አልተጻፈም ነበርና ቀዳዳው ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ተኛ። ሰውየው ስህተቱ የራሱ መሆኑን በስሙ ጽፎ አወጣ፤ ለጠቋሚው የተከፈለው 4,660 ዶላርም እስከዚያ ቀን በከርል ላይ ከተከፈሉት ጉርሻዎች ሁሉ ትልቁ ነበር።

መድፈኛው? ስሙ ከረዘመ ስህተት ብሎ ማቆም። በቃ።

መስከረም 30 ቀን፣ ስቶክሆልም ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ አዲስ አበባ 3 ሰዓት ሲሆን 8.4.0 ወጣ፤ እኛም ተረባረብን። ከአገር ቤት የደወሉልኝ «ቪፒኤናችን ነው እንዴ?» ብለው ነበር። አይደለም። ያሰጋው ከርልን በፕሮግራማቸው ውስጥ አስገብተው፣ ስሙን ራሱ በሚፈታ ሶክስ ፕሮክሲ፣ ለምሳሌ ማንነትን በሚደብቀው ቶር በኩል የሚያልፉትን ነው። ትእዛዝ መስመር ላይ የሚጻፈው ከርል ሰፋ ያለ ማጠራቀሚያ ስላለው፣ ፍጥነቱን ካልገደቡት በቀር አይነካም።

አሁን በእኛ መሃል እስከ ዛሬ የሚያስቀውን ልንገራችሁ። ቀዳዳው የነበረው ከ7.69.0 እስከ 8.3.0 ባሉት ስሪቶች ነው። ኡቡንቱ 20.04 የሚባለው ሊነክስ ይዞት የነበረው 7.68.0 ነው፤ በአንዲት ቁጥር አመለጠ። ሌላው ሊነክስ ሬድ ሃት 8 ደግሞ 7.61.1 ላይ ነበር። «አሮጌ ይዛችሁ ታሳፍሩናላችሁ» እየተባሉ ሲሰደቡ የከረሙት ባልደረቦቻችን በዚያ ጠዋት ቡናቸውን ይዘው እኛን ሲያዩን ዋሉ።