ብዙ ሕዝብ የሚያየው ፊልም ጥበብ ሊባል ይችላልን?



ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትና ብዙ ሕዝብ ተጋፍቶ የሚያየው ፊልም የጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ጥበብ ሊባል አይገባውም የሚሉ ሰዎች አሉ። በእነርሱ አስተያየት ጥበብ የጥቂቶች ሀብት ነውና ወደ ብዙዎች በወረደ መጠን ይረክሳል። የዚህን ፍርድ እውነተኛነት በቃል ከመከራከር ይልቅ በተሠሩ ሥራዎች መርምሮ ማየት ይሻላል።

ጃፓናዊው የፊልም አዘጋጅ አኪራ ኩሮሳዋ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. «ሰባቱ ሳሙራይ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ታሪኩ ለማንም ሰው የሚገባ ነው። እህላቸውን ሽፍቶች የሚዘርፉባቸው የአንድ መንደር ገበሬዎች፥ ሌላ የሚከፍሉት ስለሌላቸው በሩዝ ብቻ ሰባት ተዋጊዎች ይቀጥራሉ። ቶሆ የተባለው ኩባንያ ወጪው ካሰበው በላይ ስለ ሆነበት ሥራውን ከአንድ ጊዜ በላይ አቋርጦት ነበር። ነገር ግን ፊልሙ 3 ሰዓት ከ27 ደቂቃ የሚፈጅ ሆኖ ሲወጣ የጃፓን ሕዝብ በብዛት ተመለከተው፤ በዚያው ዓመትም በቬኒስ የፊልም በዓል የብር አንበሳ ተሸለመ።

ጥበቡ በምን ላይ ነው ቢባል፥ መልሱ ከውጊያው ውስጥ ይገኛል። የመጨረሻው ውጊያ የሚደረገው በዝናብና በጭቃ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ግርግር ሁለተኛ በአንድ ዓይነት ሊደገም ስለማይችል፥ ኩሮሳዋ ባንድ ጊዜ በብዙ ካሜራ አስነሣው። ከሰባቱ ተዋጊዎች አራቱ ይሞታሉ፤ አራቱም የሚወድቁት በሰይፍ ሳይሆን በጠመንጃ ነው። የሰይፍ ዘመን ማለፉን ይህ ብቻ ያለ ስብከት ያስረዳል። በመጨረሻም ገበሬዎቹ እየዘፈኑ ሩዝ ሲተክሉ፥ የተረፉት ሦስቱ ከባልንጀሮቻቸው መቃብር በታች ቆመው ይታያሉ። አለቃቸውም ድሉ የገበሬዎቹ እንጂ የእነርሱ አለመሆኑን ይናገራል። ለድሉ ሊያጨበጭብ የተዘጋጀው ተመልካች በዚህ ጊዜ ቆም ብሎ ያስባል።

ይህ በጃፓን ብቻ የታየ አይደለም። አሜሪካዊው ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 ዓ.ም. ባወጣው «ጃውስ» በተባለው ፊልም፥ ሰው በላውን ዓሣ እንዲመስል የተሠራው መኪና በባሕር ላይ እየተበላሸ ቢያስቸግረው፥ ዓሣውን ሰውሮ ፍርሃቱን በባሕሩ ገጽና በጆን ዊልያምስ ሙዚቃ ገለጠው። ደግሞም የዕረፍት ወራት ገበያ እንዳይቀር ብሎ ዋናውን አልከለክልም ያለውን የከተማ ሹም በማሳየት፥ አደጋው ከዓሣው ብቻ ሳይሆን ከሰው ስስትም እንደሚመጣ አስተማረ። ይህንንም ፊልም እጅግ ብዙ ሕዝብ አይቶታል።

እንግዲህ ገንዘብና የተመልካች ብዛት ጥበብን አይወልዱም፤ አይገድሉምም። ጥበብን የሚገድለው ተመልካቹን የሚንቅ አዘጋጅ ነው። «ሕዝቡ የሚፈልገው ይህንኑ ነው» እያለ ከንቱ ሥራ ለሚያቀርብ ሰው፥ ሕዝብ የወደደው ሁሉ ተራ ነው የሚሉት ሊቃውንት ሳያውቁት ጠበቃ ይሆኑለታል። በላቡ ያገኘውን ገንዘብ ከፍሎ ለሚገባው ሰው ግን ነገሩ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይሆንበታል። ስለዚህ ከሲኒማ ቤት ስንወጣ ልንጠይቅ የሚገባን፥ ስንት ሰው አየው፥ ስንት ገንዘብ ወጣበት ብለን አይደለም፤ ጭሱና ጩኸቱ ካለፈ በኋላ ስለ ሰው ልጅ ምን ዐወቅን ብለን ነው።