የሕዝብ እንደራሴና የመራጩ ጥያቄ

«እንደራሴ» የሚለው ቃል በቀድሞው ዘመን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቃል ነበር። ንጉሥ በርሱ ስፍራ ሆኖ አገር የሚጠብቅለትን ሰው ሲሾም «ይህ ሰው እንደ ራሴ ነው» ማለቱ ነበርና፣ ተሿሚውም መልስ የሚሰጠው ለሾመው ጌታ እንጂ ለሚያስተዳድረው ሕዝብ አልነበረም። ራስ ተፈሪ መኰንን ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ይባሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ኋላ ምክር ቤት ሲቆም ግን ይኸው ቃል ተገልብጦ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሆነ፤ አሁን «እንደ ራሴ» ብሎ የሚልከው ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ካህኑና አስተማሪው ነው። ቃሉ ሲገለበጥ መልስ የመስጠቱ ነገር አብሮት ተገልብጦ እንደ ሆነ ግን ሊመረመር ይገባል።

ለዚህ ምርመራ በቆጂ መልካም ምስክር ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ከአሰላ በስተ ደቡብ በአርሲ ደጋ ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ በዓለም የታወቀችው በሯጮቿ፣ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘችው በደራርቱ ቱሉ፣ ከርሷም በኋላ በተነሡት በቀነኒሳ በቀለና በጥሩነሽ ዲባባ ነው፤ በአገሯ ግን የገብስና የስንዴ ከተማ ናት። በዚህ አገር ስለ ምርጫ ሲነሣ የሚሰማው አሳብ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ተመራጩ ድምፅ ከተቀበለ በኋላ ፊቱን የሚያሳየው በሚቀጥለው ምርጫ ነው ብሎ የሚያማርር ነው። ሁለተኛው ግን ማማረሩንም ትቶ፣ ከምክር ቤት ቀድሞም የጠበቅነው ነገር የለም የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ ያሳዝናል፤ ይሁን እንጂ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ሲያቆም፣ የሕግ መምሪያውን አባሎች ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡለት ደንግጎ ነበር። የሕዝቡ መብቃት በምን እንደሚለካ፣ ለኪውም ማን እንደ ሆነ አልተነገረም። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ግን 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ 200,000 ያህል ሕዝብ ያለበት የምርጫ ወረዳም ሁለት ሁለት እንደራሴ ለ4 ዓመት እንዲልክ ተወሰነ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተደረገ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠው የመጀመሪያዪቱ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ይህ ለዘመኑ ታላቅ እርምጃ መሆኑን መካድ አይገባም።

ነገር ግን በዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ አንዲት ሐረግ ነበረች። ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ወረዳው ነዋሪ መሆን ብቻ ሳይሆን በምርጫው ሕግ የተወሰነውን ያህል ንብረት በዚያው ያለው ሊሆን ይገባ ነበር። በቆጂ በዚያን ጊዜ በአሩሲ ጠቅላይ ግዛት በጭላሎ አውራጃ ውስጥ ነበረች፤ በዚያ አውራጃ ከሚያርሰው ሰው ብዙው ባለ ርስት ሳይሆን እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለ መሬቱ እየሰፈረ በሰው መሬት የሚኖር ጭሰኛ ነበር። ጭሰኛው የመምረጥ መብት አለው፤ ለመመረጥ የሚያበቃ ንብረት ግን ከየት ያመጣል? እንግዲህ ከሣጥኑ ፊት ቆሞ «እንደ ራሴ» ብሎ የሚልከው በኑሮው እንደ ራሱ ያልሆነውን ሰው ነው። የፖለቲካ ማኅበርም ስላልተፈቀደ፣ ተወዳዳሪው ምን ሊሠራ እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚታወቅበት ምልክት አልነበረም።

በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ የሚባለው፣ ሥራውን ጀመረ። ማዳበሪያ፣ የተመረጠ ዘርና ብድር ለትንሹ ገበሬ አቀረበ፤ ምርቱም በእውነት ጨመረ። የሚያስደንቀው ግን ይኸው በጎ ነገር በጭሰኛው ላይ መከራ ማምጣቱ ነው። ስንዴው ሲበዛ መሬቱ ተወደደ፤ መሬቱ ሲወደድ ባለ መሬቱ ወይም ከባለ መሬቱ የተኮናተረው ሰው ትራክተር ይዞ መጣ፤ ጭሰኛውም አባቱ ካረሰበት ማሳ ልቀቅ ተባለ። በጽሑፍ የተያዘ ውል የለው፤ የሚሟገትበትም ሕግ የለው።

ሕጉ ግን ተረቅቆ ነበር። የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለመወሰን የተዘጋጀው ረቂቅ ወደ ምክር ቤት ቀርቦ ዓመታት አለፉ፤ በ1965 ዓ.ም. ሌላ ምርጫ ተደረገ፤ ረቂቁም ሕግ ሳይሆን የ1966ቱ አብዮት ደረሰ። በዚያ ምክር ቤት ስለ ጭሰኛው የተናገረ እንደራሴ አልነበረም ማለት ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን ረቂቁን ማን እንደ ደገፈውና ማን እንዳዘገየው፣ በሬውን ጠምዶ የሚውለው የጭላሎ ገበሬ የሚያውቅበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነበር። ያላወቀውን ደግሞ በሚቀጥለው ምርጫ ሊሽረው አይችልም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ምክር ቤቱን ዘጋው፤ በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው ዐዋጅ ወጣ። እንደራሴዎቹ በብዙ ዓመት ያላደረጉትን ወታደሮች በአንድ ዐዋጅ አደረጉት። ገበሬው በእልልታ ተቀበለው፤ የምክር ቤቱን መዘጋት ልብ ያለው በገጠር ጥቂት ነበር። ላልጠቀመው ቤት ማን ያለቅሳል? ዋጋው የታየው ኋላ ነው። መሬቱን የሰጠው መንግሥት እህሉን በኮታ፣ ዋጋውን ራሱ ቆርጦ፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት አስረክብ ባለው ጊዜ፣ የአርሲ ገበሬ አቤት የሚልበት ምክር ቤት አልነበረውም። ሰኔ 1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ቢደረግም፣ የተደረገው በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር ነበርና ያንን አቤቱታ የሚያነሣ አልሆነም። የዛሬው የበቆጂ ሽማግሌ ከምክር ቤት ምንም አልጠበቅንም ሲል ይህን ሁሉ አይቶ ነው።

በአገራችን ስለ ሹመት የሚነገሩት ምሳሌዎችም በዚህ ነገር ላይ አልረዱም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ጠያቂውን አፍ ያስይዘዋል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ሹሙን ያደፋፍረዋል። ሊቃውንቱ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ያውቃሉ። ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ በእስራኤል ጉባኤ ፊት ቆሞ የማንንም በሬ እንዳልወሰደ፣ ማንንም እንዳልበደለ፣ መማለጃም እንዳልተቀበለ ሕዝቡን ራሱን ምስክር አድርጎ ጠይቋል። የጠየቀው የከሰሰው ሰው ተነሥቶ አይደለም፤ በፈቃዱ ሒሳቡን ማወራረዱ ነበር። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድም በገዳ ሥርዐት ሥልጣን በ8 ዓመት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ያጠፋውንም ባለ ሥልጣን ጊዜው ሳይደርስ ከስፍራው የማንሣት ልማድ በገዳ የታወቀ ነው። እንግዲህ ሹም ለሕዝብ መልስ ይስጥ ማለት ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

በዛሬይቱ በቆጂም ቢሆን ይህ ነገር በየቀኑ ይሠራበታል፤ ምርጫ ተብሎ ስለማይጠራ ብቻ አይስተዋልም። የእድሩ ገንዘብ ያዥ መዝገቡን ይዞ በአባሎቹ ፊት ካልቆመ በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ሰው ይተካበታል። የሰበካ ጉባኤው ካህናትና ምእመናን የመረጡት ነው፤ የሙዳየ ምጽዋቱንም ገንዘብ ለመረጡት ያስቈጥራል። ሯጩ እንኳ ፈጣን ነኝ ስላለ አይታመንም፤ አሠልጣኙ ሰዓቱን ይዞ ቆሞ ይጠብቀዋል። ይህን ያህል የጠያቂነት ልማድ ያለው ሕዝብ፣ 5 ዓመት ሙሉ አገር በአደራ ለሰጠው ሰው ሲሆን ዝም የሚለው ለምንድን ነው?

ሕጉ ዝም በል አላለውም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ የተገለጠ እንዲሆን፣ የሕዝብ ተመራጭም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል፤ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። በአንቀጽ 54ም የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑ ተጽፏል። ለፓርቲው ተገዢ ነው የሚል ቃል በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ነገር ግን ማንሣት የሚቻለው የሠራው ሥራ ሲታወቅ፣ መተካትም የሚቻለው ሌላ ሰው ሲኖር ነው። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ በብዙ የኦሮሚያ የምርጫ ክልሎች ገዢው ፓርቲ ያለ ተወዳዳሪ እንደ ቀረበ የታወቀ ነው፤ አንድ ስም ብቻ ባለበት ወረቀት ላይ መራጩ ከምን ጋር አመዛዝኖ ይፈርዳል? ይህ የአንድ ወገን ጥፋት ነው ለማለት አይደለም፤ ሳይወዳደሩ የቀሩትም የየራሳቸውን ምክንያት ሰጥተዋል። የጎደለበት ግን መራጩ ነው።

ሌላም ጉድለት አለ፤ ይህ ግን ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት ሊቃና የሚችል ነው። በምክር ቤት አንድ ዐዋጅ ሲጸድቅ በዜና የሚነገረው ይህን ያህል ድጋፍ፣ ይህን ያህል ተቃውሞ፣ ይህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ የሚል የእጆች ቍጥር ነው። የበቆጂ መራጭ ቍጥሩን በራዲዮ ይሰማል፤ ከእጆቹ መካከል እርሱ የላከው እጅ የትኛው እንደ ሆነ ግን አይነገረውም። የየአባሉ ስምና የሰጠው ድምፅ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ወደ ወረዳው ቢላክና በአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቢለጠፍ፣ ማንበብ የሚችለው ተማሪ ለማይችለው አባቱ ያነብለት ነበር። የ1960ዎቹ ጭሰኛ ያጣው ይህንኑ ወረቀት ነው።

የጊዜውም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ምክር ቤቱ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሥራውን በመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ረጅሙ ዕረፍት የሚውለው በክረምት ነው። በዚያን ጊዜ የአርሲ ደጋ ጭቃ ነው፤ ገበሬውም በዘርና በአረም ተይዟል። እንደራሴው በሐምሌ መጥቶ ስብሰባ ቢጠራ የሚያገኘው የወረዳውን ሠራተኞችና የከተማውን ነዋሪ ጥቂት ነው፤ ተመልሶም ከሕዝቡ ጋር ተወያየሁ ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን ያው አንቀጽ ምክር ቤቱ በሥራ ዘመኑ መካከል የአንድ ወር ዕረፍት ሊወስድ እንደሚችል ፈቅዷል። ያ ወር ከጥምቀት በኋላ ቢውል ገብሱ ከአውድማ ገብቶ፣ መንገዱም ደርቆ፣ ገበሬው የእንደራሴውን ሒሳብ ቁጭ ብሎ የሚሰማበት ጊዜ ይኖረዋል።