ስለ ጆሮ ምርመራና ስለ ክፍያው

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ተረቱ የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም፣ በጤና ረገድ ስንመለከተው ሌላ እውነት ይዞ እናገኘዋለን። ዐይኑ የደከመ ሰው ፊደሉ ሲደበዝዝበት ድካሙን ወዲያው ያውቀዋል። ጆሮው የደከመ ሰው ግን ያመለጠው ነገር እንደ ተነገረ እንኳ አያውቅም። ስለዚህ የመስማትን ጕድለት አስቀድሞ የሚያስተውለው ባለቤቱ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ሰው ነው፤ በሕፃናት ዘንድም ይህ ሰው ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው።

ሲጠሩት የማይመልስ፣ የቃል ጽሕፈት ሲሰጥ የጓደኛውን ደብተር የሚመለከት፣ የተናጋሪውን ከንፈር ትክ ብሎ የሚያይ ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ይቀጣል። ልጁ ግን ምናልባት ያጣው ትጋትን ሳይሆን ድምፅን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ. ም. ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጠው፣ በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጕድለት ከመቶ 60 ያህሉ ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። መግል የሚያወጣ የጆሮ ሕመም፣ ኩፍኝና ማጅራት ገትር ከነዚህ ምክንያቶች ይቈጠራሉ።

ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና

መምህሩ ልጁን ጸጥ ባለ ክፍል ያስቀምጠውና ከበስተ ኋላው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቁም። የልጁን አንድ ጆሮ በጣት አስደፍኖ፣ ሦስት ቍጥሮችን ወይም ፊደላትን በሹክሹክታ ይናገርና ልጁ እንዲደግማቸው ይጠይቀው። ልጁ ከተሳሳተ ሌሎች ሦስት ይጨምርለት። ከስድስቱ ሦስቱን እንኳ በትክክል ሊደግም ካልቻለ ወደ ሐኪም መላክ ይገባዋል። ሁለተኛውም ጆሮ እንዲሁ ይፈተን።

የሐኪሙ ምርመራ

ሐኪሙ በመጀመሪያ የጆሮውን ውስጥ በመብራት ይመለከታል። ከዚያም አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ኦዲዮሜትር በሚባል መሣሪያ መስማቱ ይለካል። ተመርማሪው በጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ቀጭንና ወፍራም ድምፆችን ያዳምጣል፤ በሰማ ቍጥርም ምልክት ይሰጣል። ውጤቱ ዴሲቤል በሚባል መለኪያ በወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ከ20 ዴሲቤል በታች የሆነውን ድምፅ የሚሰማ ጆሮ ጤናማ ነው። ምርመራው መርፌም ሆነ ሕመም የለበትም።

ስለ ክፍያው

ብዙ ወላጆች የሚፈሩት ምርመራውን ሳይሆን ወጪውን ነው። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በሆለታ የሚኖር አባት ልጁን ይዞ በቡራዩ በኩል አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ፣ ከምርመራው ዋጋ ሌላ የመጓጓዣና የምግብ ወጪ አለበት፤ የቀን ሥራውም ይቀርበታል። ስለዚህ የሚከተለውን ሥርዐት ቢጠብቅ ብዙ ገንዘብ ይድንለታል።

1ኛ/ አስቀድሞ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጆሮን የደፈነው ኩክ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ እዚያው ወጥቶ ነገሩ ያበቃል፤ መግል ያለበትም ጆሮ ሕክምናውን እዚያው ሊጀምር ይችላል።

2ኛ/ የበለጠ ምርመራ ካስፈለገ የሪፈር ወረቀት ይቀበል። በ2003 ዓ. ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ በየዓመቱ መዋጮ ለሚከፍሉ አርሶ አደሮችና ደመወዝተኛ ላልሆኑ ቤተ ሰቦች የተቋቋመ ነው። አባሉ ደረጃውን ጠብቆ ወረቀቱን ይዞ ሲሄድ መድኑ ይረዳዋል። መዋጮውን ለመክፈል ለማይችሉ ድኾች መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ስለዚህ የተቸገረ ሰው ቀበሌውን ከመጠየቅ አይፈር።

3ኛ/ ለጆሮ ሐኪም ወደ አዲስ አበባ የተላከ ሰው፣ ለምሳሌ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ የካርድ፣ የሐኪምና የመስማት ምርመራ ሒሳብ አንድ ላይ ይሁን ለየብቻ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ደረሰኙንም ይያዝ።

4ኛ/ የመስሚያ መሣሪያ ሳይመረመሩ አይገዛም። መሣሪያው ባትሪና ለጆሮው ልክ የሚሠራ መያዣ ስለሚያስፈልገው፣ የዘለቄታው ወጪ ከመግዛቱ በፊት ይታሰብ። መድኑ ምርመራውን ሸፈነ ማለት መሣሪያውንም ሸፈነ ማለት ስላልሆነ፣ ይህንም ጠይቆ መረዳት ያሻል።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን መከላከል ነው። የኩፍኝ ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ፣ በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። በታመመ ጆሮ ዘይት፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ ማፍሰስ፣ ኩክንም በክብሪት እንጨት መጐርጐር ጕዳት ያመጣል።

የካቲት 24 ቀን የዓለም የመስማት ቀን ነው። መምህራን ያን ዕለት ሳይጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ በሹክሹክታ እንዲፈትኑት አደራ እንላለን። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚድን ጆሮ ነገ በብዙ ገንዘብ ላይድን ይችላልና።